የባባ ፍራሽና የእናቴ በሶ

መንገድ ሲነሣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ምናልባት ቢያስፈልገኝስ?» እያለ ይጨምራል፤ ሌላው «ምን ያደርግልኛል?» እያለ ይቀንሳል። ኩዌት ያለን ሐበሾች ከየትኛው ወገን እንደሆንን ለማወቅ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ ሰልፋችንን ማየት ይበቃል። ሁለት ሆነን ካልተቀመጥንበት የሻንጣችን ዚፕ አይዘጋም። ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ የጎረቤት ልጅ ጫማ፣ ስሙን ለማናውቀው ዘመድ የተገዛ ሽቶ፣ ሁሉም ይገባል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እየተባለ ያደገ ሰው ሦስተኛ ባላ ቢጨምር ምን ይፈረድበታል? እኔም እስከ ኮሮና ዘመን ድረስ ዓለም ሁሉ እንደኛ የሚያሽግ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ባባን አየሁ።

ባባ፣ ሱራ በሚባለው የኩዌት ሰፈር የምሠራበት ቤት አባወራ ነው። ዕድሜው ሃምሳን የዘለለ፣ ቦርጩ ቀድሞት በር የሚገባ፣ ሳቂታ ሰው። ከኮሮና በፊት የሚያውቀው ስፖርት ከመኪናው ወርዶ እስከ ዲዋኒያው መራመድ ነበር። ዲዋኒያ ማለት ወንዶቹ ተሰብስበው ሻይ እየጠጡ ዓለምን የሚያስተዳድሩበት ሳሎን ነው። ሰዓት እላፊ ታውጆ እንግዳ ሲከለከል፣ ባባ ባዶ ዲዋኒያ ውስጥ ብቻውን ስልኩን ሲጎረጉር አንድ ነገር አገኘ። የብስክሌት እሽቅድምድም ነው፤ ግን የሚከተል መኪና የለ፣ ውሃ የሚያቀብል የለ፤ ተወዳዳሪው ምግቡንም መኝታውንም ብስክሌቱ ላይ አስሮ አገር ያቋርጣል። ተመልካቹ ሰውየውን አያይም፤ የሚያየው ካርታ ላይ የምትንፏቀቅ አንዲት ነጥብ ነው። ባባ ነጥብ ሲያይ ይውል ጀመር። ሚስቱ፣ ማዳም፣ ለምሳ ስትጠራው «ቆይ፣ ነጥቡ ተራራ እየወጣ ነው» ይላታል።

ከማየት ወደ መግዛት ያለው መንገድ ደግሞ በዚያ ዘመን አንዲት ጣት ነበር። ካርቶን በካርቶን ላይ መጣ፤ እኔም እያንዳንዱን በረኪና በነካ ጨርቅ ስጠርግ ከረምኩ። መጀመሪያ የሚፈጥነው ቀጭን ጎማ ነው ተባለ፤ ቀጭን ጎማ ተገዛ። ወሩ ሳያልቅ ያሸነፈው ሰውዬ ወፍራም ጎማ ነበረው፤ ቀጭኑ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ከኮርቻው ኋላ የሚንጠለጠል ትልቅ ቦርሳ ፋሽን ነበር፤ እሱም እየተወዛወዘ ያዘገያል ተብሎ ተሻረና ትንንሽ ቦርሳዎች ተተኩ። ማርሹ በባትሪ የሚሠራ ሆነ፤ ባትሪው እንዳያልቅ ደግሞ ሌላ ባትሪ ተገዛ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ብዬ ልስቅ ስል ራሴን ያዝኩ። እኛስ ብንሆን፣ አንዷ ከፋሐሂል ገበያ አዲስ ዓይነት ነጠላ ጫማ ገዝታ ብቅ ካለች፣ በወሩ ሁላችንም በዚያው ጫማ አይደለም እንዴ የምንገናኘው?

ከሁሉ የገረመኝ ግን የሚዛኑ ነገር ነው። ዱቄት የምለካበትን የኩሽና ሚዛን ወስዶ ንብረቱን ሁሉ በግራም መመዘን ጀመረ። የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ ቆረጠው። ማንኪያውንም እንዲሁ። ካልሲው ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ ሳይቀር በመቀስ አስነሣኝ። ማዳም ቦርጩን እያየች ከዚህ ብትጀምርስ ብትለው ሁለት ቀን አኮረፈ።

እኔ በበኩሌ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ። ኢጃዛ ወጥቼ አገሬን ካየሁ አራት ዓመት ሞልቶኛል። መጀመሪያ አውሮፕላን ቆመ፤ ከተከፈተም በኋላ ለማዳም ዕረፍቴን ባነሣሁባት ቁጥር «በሚመጣው ወር፣ ኢንሻላህ» ትለኛለች፤ ወሩ ግን አይመጣም። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ። እናቴ ደግሞ በቪዲዮ ስንደዋወል ስልኩን ጆሮዋ ላይ ነው የምትለጥፈው። ከጆሮሽ አንሺው እላታለሁ፤ እሺ ትልና መልሳ ትለጥፈዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁት ጆሮዋን ነው። በጣም ናፍቃኝ ነበር። ይህን የሚያውቀው ባባ ከውድድሩ ሲመለስ ማዳምን እንደሚያናግርልኝ ቃል ሲገባልኝ ልቤ ተንጠለጠለ።

ውድድሩ እንግዲህ ሰዓት እላፊው ተነሥቶ ብርዱ ሲገባ፣ ባባና እንደሱው በኮሮና ያበዱ ጓደኞቹ ያሰናዱት ነው። ከሱራ ተነሥቶ በፋሐሂል በኩል ወደ ደቡብ በረሃ፣ አንድ ሌሊት ሜዳ አድሮ መመለስ። ከውጭ እርዳታ የተቀበለ ይሰረዛል። የማሸጉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፤ ስንቁን ሳይ ግን ደነገጥኩ። በየትንንሽ እሽጉ ያለ፣ ማር የመሰለ ዝልግልግ ነገር ብቻ! እኛ ዘንድ መንገደኛ ያለ ስንቅ ከወጣ የሚወቀሰው እሱ አይደለም፤ የሚወቀሰው የሸኘው ነው። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ልጨምር እንዳልል ሚዛኑ ያጋልጠኛል። ስለዚህ ከዕቃው መሐል የማይረባውን ፈለግኩና ከረጢት ውስጥ የተጠቀለለ ፕላስቲክ አገኘሁ፤ ሲነፋ ፍራሽ ይሆናል። ስመዝነው ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ሰው አሸዋ ላይ ቢተኛ ምን ይሆናል? ሆድ ግን ባዶ ይጠላል። እናቴ በሰው እጅ የላከችልኝ በሶ ነበረኝ፤ ሁልጊዜ ሥጋ በሚሠራበት ቤት የገና ጾምን የምሻገርበት። ከላዩ ቀነስኩ፣ በፍራሹ ልክ እስከ ግራሟ አስተካከልኩ፣ በላስቲክ ቋጥሬ የፍራሹ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። ጠዋት ባባ ሁሉንም እንደገና መዘነ፤ ቁጥሩ ያው ነው፤ ረክቶ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ነው የነቃሁት። ኢጃዛዬ ያለው በሱ አፍ ላይ፣ ፍራሹ ያለው በእኔ ቁምሳጥን ውስጥ።

የመጀመሪያውን ቀን ማዳምና እኔ አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰን ነጥባችንን ፋሐሂልን አሳለፍናት። በማግሥቱ ጠዋት ነጥቧ አልተነሣችም። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ፣ እዚያው ናት። ስልኩም አይነሣም። ማዳም ድስት ሙሉ ሩዝ በዶሮ አስጫነችኝና መኪናዋን አስነሣች። እኔ ከኋላ ወንበር፣ በጭምብሌ ውስጥ፣ ጀርባው ተይዞ ይሆን እያልኩ እመቤታችንን እለምናለሁ።

ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ ሦስት ብስክሌት ተጋድሟል። አጠገቡ ባባና ሁለት ተፎካካሪዎቹ ተቀምጠው የውሃ ጠርሙሳቸውን እንደ ወተት ይንጣሉ። ዝልግልጉ ነገር ሌሊቱን የሦስቱንም ሆድ ሲያገላብጥ አድሮ፣ የረጋላቸው በሶው ነው። ማዳም ድስቱን ብታወጣ ባባ እርዳታ ነው ብሎ አልነካም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ፍራሼ የት አለ?»

«ኩሽና ነው፣ ባባ። ቁምሳጥን ውስጥ።»

ወገቡን አሻሸ። ኢጃዛዬ ዓይኔ እያየ በረሃው ውስጥ ሲተን ታየኝ።

«ሚዛኑ ምንም አላለኝም» አለ።

«ልክ እንደ ፍራሹ ነው የመዘንኩት።»

አንደኛው ጓደኛው የየትኛው ኩባንያ ምርት እንደሆነ ጠየቀኝ። «የእናቴ» አልኩት። ባባ ጠርሙሱን ቀና አድርጎ ጨለጠና «ሌላ አለ?» አለኝ።

ሦስቱም መጨረሻ ሆነው ገቡ፤ ግን ከዚያ ወዲያ የሚወራው ስለ አሸናፊው አልነበረም። እሳት የማይፈልግ፣ ፀሐይ የማያበላሸው፣ በውሃ ብቻ የሚበጠበጥ ምግብ ተገኘ ተባለ። ዝልግልጉ ከቀጭኑ ጎማ ጋር ዕቃ ቤት ገባ። የቀረችኝን በሶም ባባ ለጓደኞቹ አቃመሳትና ጾሜን በድንች ፈጸምኩ። ከገና በኋላ ማዳም ኩሽና ድረስ መጥታ ኢጃዛዬ እንደደረሰ፣ በሚመጣው ሳምንት እንደምሄድ ነገረችኝ። የሁለት ዓመት ልመናዬ ያላመጣውን ወር በሶ አመጣው። ዕንባዬን ሳልጠርግ ባባ ከኋላዋ ብቅ አለ።

«ስትመለሺ ሃያ ኪሎ ብቻ አምጪልን።»

የጥርስ ብሩሹን በመጋዝ የቆረጠ ሰውዬ! ሓድር፣ እሺ ማለት ነው፣ አልኩ። የወፍጮውን ድንጋይ አምጪ ቢለኝም ሓድር ነበር የምለው።

እናቴን አየኋት። ፊቷ ከስቷል፣ ጆሮዋ ግን እንደማውቀው ነው። ወሩ እንደ ቀን አለፈና ለመመለስ ሳሽግ ሃያ ኪሎው ሻንጣዬን ሞላው። እናቴ ሽሮ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ ከዚህ በኋላ አንዲት ግራም አይገባም፤ ሽሮ ደግሞ እዚያም ይገኛል፣ ምን ያደርግልኛል?» አልኳት። እንዲህ የሚል ቃል ከገዛ አፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። እሷ ግን ሽሮዋን ይዛ ወጣች። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዬ ሲመዘን ልክ ሆነ፤ ረክቼ ሄድኩ።

ሱራ ገብቼ ሻንጣውን ስከፍት ወፍራሙ ሹራቤ የለም። በተጣጠፈበት ቦታ፣ ልክ እሱን አክሎ፣ ሽሮው ተቋጥሮ ተቀምጧል። እናቴ ሚዛን የላትም፤ የምትመዝነው በእጇ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ ኩዌት ብርድ ነበር።