ክቡር ዶክተር ልጣጭ

በየሰፈሩ አንድ ሳይማር የተመረቀ ሐኪም አይጠፋም። ለእኛ ሕንፃ የደረሱት ክቡር ዶክተር ልጣጭ ነበሩ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በራቸው ከበሬ ፊት ለፊት የሆነ ጎረቤቴ።

ፍራፍሬ ልጣጭ ውስጥ ፖሊፊኖል የሚባል ነገር እንዳለ፣ የደም ስርንም ከጉዳት ሊከላከል እንደሚችል ከሬዲዮ የሰሙ ዕለት አለቀልን። ቃሉን ሲጠሩት ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። የደም ስር እሳቸው ዘንድ ያው ቧንቧ ነው፤ ካልጠበቁት ይዝጋል። ላላመነ ሰው ከድሮ ሥራቸው ያስቀሩትን የዛገ የቧንቧ ቁራጭ ከኪሳቸው ያወጡና በቀዳዳው አጮልቆ እንዲያይ ያደርጉታል።

ፖም ልጦ የበላ ወየውለት! አንዴ ደረጃ ላይ የቆሻሻ ፌስታሌን አስፈትተው ልጣጭ አገኙብኝ። ሌባ የያዙ ይመስል ሕንፃውን በሙሉ ሰበሰቡብኝ።

ደም ግፊት አለብኝ። ይህን ካወቁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሬን ያንኳኳሉ፤ በአንድ እጃቸው ያልተላጠ ፖም፣ በሌላው ብርጭቆ ውሃ። ክኒኔን ስውጥ ቆመው ያያሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የደም ስር እንደ ብረት እንደማይዝግ፣ ልጣጭም ክኒን እንደማይተካ ብትነግራቸው፣ እንግዲያው ሁለቱንም ይዋጣ ብለው አረፉት።

አንድ ቀን መረረኝና፣ ምን በድዬዎት ነው አባባ፣ ብዬ ጮህኩባቸው። የቧንቧዋን ቁራጭ ከኪሳቸው አውጥተው ያገላብጧት ጀመር።

«ባለቤቴን የወሰደብኝ ይኸው ግፊት ነው» አሉ። «የሰው ቤት ቧንቧ ስጠግን ስውል፣ አንድ ቀን እንኳን ክኒንሽን ዋጥሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም።»

ፖሙን ተቀብዬ ከነልጣጩ በላሁ።

ከሦስት ወር በፊት ልጃቸው ወደምትኖርበት ከተማ ወሰደቻቸው። መጀመሪያ እፎይ ያልኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን በነጋ ቁጥር ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ናፈቁኝ፣ ምን ይደረግ! ክኒኔን የምውጠው በሩን ከፍቼ፣ ደፉ ላይ ቆሜ ነው።

ትናንት የእሳቸውን ቤት የተከራየችው ሴት ቆሻሻ ልትጥል ስትወጣ ከፌስታሏ የፖም ልጣጭ ብቅ ብሎ አየሁ። አፌ አላስችል አለኝ።

«እህቴ፣ ልጣጩን ባትጥይው ምናለ?»

ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። «ቁልፍ ሲያስረክቡኝ ሽማግሌውም ይህንኑ ነው ያሉኝ። ልጃቸው ነህ?»

«አዎ» አልኳት።