ዶክተር ቫልዴሲር ከዶና ዙልሚራ ግቢ ኳስ እንዳመጡ

ሞዓ ፍየል ዘእምነገደ ፔድራ ሞሌ፣ ሥዩመ ቢጫ ማልያ፣ ጥርስ ነቃዩ ዶክተር ቫልዴሲር በእግር ኳስ ክለቡ ሊቀ መንበርነት በነገሡ በስድስተኛው ዓመት፣ ይኸውም ነፋስ የስታዲየሙን ጣራ አንሥቶ በቄሱ የሽንኩርት መደብ ላይ ካሳረፈው በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሚያዝያ በዕለተ እሑድ የሆነውን ተአምር እንጽፋለን። የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ጥርሱን የታመመም እስከ ማክሰኞ ይታገሥ፣ ሐኪሙ ዘመቻ ላይ ናቸውና።

ይህ ክለብ የተወለደው ከጠብ ነው። ቀድሞ በከተማይቱ በፔድራ ሞሌ አንድ የጥሩምባ ባንድ ብቻ ነበረ፤ በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ትልቁን ከበሮ ማን ይምታ በሚል ሁለት ወንድማማቾች ተጣሉና ታላቁ ቢጫ ለብሶ የእኛን ክለብ፣ ታናሹ ሰማያዊ ለብሶ ያኛውን መሠረተ። ከዚያ ወዲህ የቢጫው ወገን የዚያኛውን ክለብ ስም በአፉ ላያነሣ ማለ፤ «እነዚያ» ብቻ ይላቸዋል፤ ይህ ጸሐፊም ስለማለ ስሙን አይጽፈውም። የቢጫ ሰው ሰማያዊ አይለብስም፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አይከራይም፤ የእመቤታችንን ሐውልት መጎናጸፊያ እንኳ ቢጫ ቀብቶ ከቄሱ ጋር ስንት ፋሲካ ተኳርፏል። የእነዚያ ክለብ ከፈረሰና ሜዳቸው የፍየል ገበያ ከሆነ ቆይቷል፤ መሐላው ግን አልፈረሰም።

ያ እሑድ ከሌላ ከተማ ከመጡ እንግዶች ጋር የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበረ። አቻ ከወጡ በሦስተኛው ምድብ ይቆያሉ፣ ከተሸነፉ ግን ክለቡ ይሠረዛል። ዶክተር ቫልዴሲር ሚስት አላገቡም፣ ልጅም አልወለዱም፤ ከዚህ ክለብ በቀር በዓለም ላይ የእኔ የሚሉት ነገር የላቸውም፣ ስለዚህ ከዋዜማው ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ከሠራዊታቸውም ጋር ወጡ፦ ዓይነ ደካማው በረኛ ጆሲማር፣ እግረ መድፉ ተከላካይ አደራልዶ፣ ለቁርጭምጭሚትም ለራስ ምታትም አንድ ቅባት የሚቀባው ወጌሻ፣ የተጠበሰ አይብ ሻጮች ከነምድጃቸው፣ ጥሩምባ ነፊው፣ ሽማግሌው ከበሮ መቺ ኦዲሎን፣ በመጨረሻም ጌታው የማይታወቅ፣ ዳኛ ብቻ የሚነክስ ውሻ።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ ሳለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ አወጀ፦ «ወደ ጫካ ላከው፣ አደራልዶ! ሻምፒዮና ነው እንጂ የሰርግ ጭፈራ መሰለህ?» አደራልዶም ታዛዥ ነውና ያገኘውን ኳስ ሁሉ ሰዓት ለመግደል ከአጥሩ በላይ ይልከው ጀመር። አንዱ ሲሄድ ጥሩምባ ተነፋ፣ ሌላው ሲሄድ እልል ተባለ። የመጨረሻው ሲሄድም እልል ተባለ፤ ከዚያ ግን እልልታው በጉሮሮ ቀረ፣ ሌላ ኳስ የለማ! እንግዶቹ አንድ ነበራቸው፣ እሱንም አውቶቡስ ውስጥ ሰው አስቀምጠውበታል።

ዳኛውም በድምፅ ማጉያ አዋጅ አስነገረ፦ «ኳስ ማቅረብ የባለሜዳው ግዴታ ነው። ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ኳስ ካልመጣ ተሸንፋችኋል። እባካችሁ ይህን ውሻም አንድ ሰው ይያዝልኝ!»

ከአጥሩ ወዲያ ያለው ግቢ የባልቴቷ የዶና ዙልሚራ ነው። እሷም የእነዚያ የመጨረሻው ሊቀ መንበር ሚስት የነበረች፣ ዛሬ በከተማይቱ የቀረች አንዲት ሰማያዊ ናት። ማንም ሊሄድ አልደፈረም። ያን ጊዜ ጀግናው በእሑድ ነጭ ሱሪያቸው መሰላል ወጡ፣ አጥሩንም ተሻገሩ፣ ግቢውን ከምትጠብቀው ዝይም ጋር ተዋጉ፣ የሱሪያቸውንም መቀመጫ ለዝይቱ ገብረው በረንዳው ሥር ደረሱ። ዶና ዙልሚራ ኳሶቹን በልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሰብስባ በሰማያዊ ቀሚሷ ቆማ ነበርና አወጀች፦ «ዶክተር፣ ኳስ ከፈለጉ የእኛን መዝሙር ይዘምሩ! በሹክሹክታ አይደለም፣ ያ ሁሉ ቢጫ ይስማዎት። ጥርሴን ሲነቅሉኝ እኔስ ጎረቤት እስኪሰማ ጮሄ አልነበር?»

መዝሙሩ የሚጀምረው በዚያ በማይነገረው ስም ነው። ዶክተር ቫልዴሲር በቢጫ ማልያ የተቀበሩትን አባታቸውን አሰቡ። ግን ክለቡን ይወዱ ነበር፣ ከክብራቸውም አብልጠው ይወዱ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ዘመሩ። ከአጥሩ ማዶ «ከሃዲ!» የሚል አዋጅ ተሰማ፤ «ዝም በል አንተ፣ ኳሱን እያመጡልን ነው!» የሚል ሌላ አዋጅም ሻረው።

የፊተኛውን አንቀጽ ጨርሰው ከሁለተኛው ሲደርሱ ቃሉ ጠፋባቸው። ዶና ዙልሚራ ልታቀብላቸው አፏን ከፈተች፣ ነገር ግን መዝሙሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተዘመረው በባሏ ቀብር ላይ ነበርና እንባ ቀደማት። ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ የኦዲሎን ከበሮ ተመታ፤ አንድ ድምፅ ቃሉን አነሣ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ከዚያ መላው ስታዲየም፣ ያ ሁሉ የማለ ሕዝብ፣ የእነዚያን መዝሙር አንዲት ቃል ሳይስት እስከ ፍጻሜው ዘመረው። ለመርገም ሲል ዕድሜ ልኩን ሲያዳምጠው ኖሮ ለካ በቃሉ ይዞታል፤ የራሱን መዝሙር ግን ከወገቡ በታች አያውቀውም፣ ያንጎራጉረዋል እንጂ።

ዶና ዙልሚራም በሽርጧ ዓይኗን አብሳ ሁለተኛ አዋጅ አወጀች፦ «ገንዳውን ያንሡት፣ እኔም እመጣለሁ። አጨበጭብላችኋለሁ ብላችሁ ግን እንዳታስቡ!» ዶክተር ቫልዴሲር ገንዳውን ተሸክመው፣ ባልቴቷን በክንዳቸው ደግፈው፣ ዝይቱን አስከትለው በዋናው በር ገቡ፤ ቢጫው ሕዝብም ለሰማያዊው ቀሚስ ቦታ ለቀቀ። ጨዋታው ቀጠለ፤ አደራልዶም የመጀመሪያውን ኳስ ወዲያው መልሶ ወደ ግቢው ላከው። ሌሎቹ ግን በቁ፣ ባዶ ለባዶ አለቀ፣ ክለቡም ዳነ።

እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ ዶና ዙልሚራ ከወንበሯ ላይ ስታውጅ ነበር፦ «አደራልዶ፣ እግር ነው ወይስ መቀርቀሪያ? አንተ በረኛ፣ ኳሱ በዚህ በኩል ነው የኔ ጌታ!» እነዚያ ከጠፉ ወዲህ ደህና አድርጎ የሚሰድበው ያጣው የፔድራ ሞሌ ሕዝብም እየሳቀ አለቀሰ።

እንግዲህ ከነገሥታት ማን ይመስላቸዋል? ሌሎች ዘምተው የሕዝባቸውን ጠላት አጠፉ፤ ጥርስ ነቃዩ፣ ሞዓ ፍየል፣ ዶክተር ቫልዴሲር ግን ጠላቱ ለሞተበት ሕዝብ፣ ሱሪያቸውን አስቀድደው፣ ጠላት አመጡለት። ዘመናቸው ይርዘም፣ ጥርሳቸው አይነቃነቅ፤ አሜን።