ክቡር ፈታሽ እና ያልተፈተነው ምሰሶ

በየቤተሰቡ አንድ ፈታሽ አይጠፋም። የለንም የሚል ቤተሰብ ካለ፣ ገና ዕቃ ሊገዛ አብሮት አልወጣም ማለት ነው። ሌላው ሰው ዕቃ ይገዛል፤ ፈታሽ ግን ዕቃውን ለፍርድ ያቀርባል። ሱቅ ውስጥ ከኋላው ተሰልፋችሁ ታውቃላችሁ፤ በሆዳችሁም ረግማችሁታል። እኛ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ክቡር ፈታሽ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ወንበር ሊገዙ ሲሄዱ ጋዜጣ ይዘው ነው። ይቀመጡና ከፊት ገጹ እስከ ሐዘን መግለጫው ድረስ ያነባሉ፤ ወገባቸው ዝም ካለ ወንበሩ አለፈ። የሚደውል ሰዓት ሲገዙ ለሩብ ሰዓት ሞልተው እስኪጮህ ባንኮኒው ጋ ይቆማሉ። ዣንጥላ የገዙ ዕለት ሻጩን አንድ ባልዲ ውሃ አስመጥተውታል። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይላሉ። ፈረስ ገዝተው አያውቁም፤ ለፈረሱ ብዬ ደስ ይለኛል። ፈተናውን ላለፈ ዕቃ የሚሰጡት ምስክርነት አንድ ቃል ነው፦ «ይይዛል።»

እኔም በዚያው ወንፊት ነው ያለፍኩት። እህታቸውን ልጠይቅ በመጣሁ ጊዜ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀርብልኝ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አሳዩኝና መፍቻ አስጨበጡኝ። ሁለት ሰዓት ታገልኩት። ቧንቧው አልተሠራም፤ ሸሚዜ ግን ራሰ። ጋሼ ወደ ሳሎን ተመልሰው ለእህታቸው፣ «ቧንቧውን አልቻለውም፤ ግን ጥሎት አልሄደም። ይይዛል» አሏት። ትዳሬ የቆመው በዚህች ቃል ላይ ነው።

ዘንድሮ ከልጆቹ ጋር ሐይቅ ዳር ሁለት ቀን ለማደር አሰብን። ለመኝታ ድንኳን አለን፤ የምናበስልበትና ዝናብ ቢመጣ ሁላችንም የምንጠለልበት ሸራና ምሰሶ ግን ያስፈልገናል። ጋሼ መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ አንሶላ አነጠፉና ከነድስታችን አስቀመጡን። እግሬን እንድዘረጋ አዘዙኝና በሜትር ለኩ። ከዚያ በየጎኑ ሌላ ሜትር ጨመሩበት። «ዝናብ እንደ ጨዋ ሰው ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ በጎን ነው የሚገባው» አሉ።

ሱቁ የሄድነው ቅዳሜ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ተነባብሯል። ጋሼ አረንጓዴ ሸራ መረጡና ወለሉ ላይ ዘረጉት፤ ከስሩ ደረቅ መሐረብ አድርገው ከያዙት ጠርሙስ ውሃ አፈሰሱበት። የገመድ ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ጎትተው አዩ። እስከዚህ ድረስ በሐፍረት የጋለው ጆሮዬ ብቻ ነበር።

ምሰሶ ሁለት ዓይነት ነበር፤ ሦስት ቦታ የሚቀጣጠል ቀጭንና አንድ ወጥ የሆነ ወፍራም። ጋሼ ከቀጭኑ ጀመሩ። ገጣጥመው መተላለፊያው መሃል አቆሙት፤ ሸራውን አሰሩበትና ወደ መሬት በተንጠለጠለው ጎን ገብተው ከስሩ ተቀመጡ። ሻጯ መናደዱን ጨርሳ ታያለች።

«በል፣ አንተ ነፋስ ሁን» የሚል ድምፅ ከሸራው ስር ወጣ።

«ምን ልሁን?»

«ነፋስ። ምሰሶውን ይዘህ በጎን ነቅንቅ። እፍ ማለት አይጠበቅብህም።»

ገና ምሰሶውን ስጨብጥ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ዞር ስል የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ናቸው። ሸራውን አዩ፤ ከስሩ የሚታየውን የጋሼን ካልሲ አዩና ሳቃቸው መጣ።

«ምን ጉድ ነው? ሰውየውን ታውቃቸዋለህ እንዴ?»

እጄ እኔን ሳያማክር ምሰሶውን ለቀቀ። «ኧረ አላውቃቸውም» አልኩ ዓይኔን በጨው ታጥቤ። «እኔ የእጅ ባትሪ ልገዛ ነው የመጣሁት።»

ጋሼ ከሸራው ስር ጎንበስ ብለው ወጡ፤ ጉልበታቸውን አራገፉና መንገድ ላይ እንዳገኙት ሰው አዩኝ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ መተላለፊያውን ዘጋሁብዎት» አሉኝ።

ከዚያ ብቻቸውን ገመዱን ፈቱ፤ ብቻቸውን ሸራውን አጠፉ። አለቃዬ ገና አጠገቤ ቆመዋል፤ ጋሼ ደግሞ የማላውቃቸው ሰው ናቸውና ላግዛቸው አልቻልኩም። ወፍራሙን ምሰሶ ዘወር ብለውም ሳያዩት፣ ቀጭኑን ነፋስ ሳይነካው ተሸክመው ወደ ሒሳብ ተቀባይዋ ሄዱ። በሕይወታቸው ሳይፈትሹ ሲገዙ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ቤታችን ሦስት ያለንን የእጅ ባትሪ ገዛሁ።

መኪና ውስጥ ስለ ጎማዬ አየር አወሩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለመካድ ሁለት ቃል በቅቶኝ ነበር፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ያ ሁሉ መንገድ አልበቃኝም።

ሐይቁ ዳር በሁለተኛው ቀን፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ ነፋስ ተነሳ፤ ዝናብ አስከትሎ በጎን መጣ። ቀጭኑ ምሰሶ መቀጠያው ላይ እጥፍ አለና ሸራው በድስቱም በልጆቹም ላይ ወደቀ። የተጎዳ የለም፤ ደረቅ ሰውም አልተረፈም።

«ጋሼ፣ ማንኪያ እንኳ ሳይፈትሹ የማይገዙት ሰውዬ፣ ምነው ይሄን ሳይነቀንቁ ገዙት?» አለች ባለቤቴ ፀጉሯን እየጨመቀች።

«ተዘናጋሁ» አሉ ጋሼ። «እርጅና ሳይሆን አይቀርም።»

ትንሿ ልጄ «ጋሼ ፈተና ወደቁ!» እያለች መዝለል ጀመረች። ጋሼ መነጽራቸውን በእርጥብ ሸሚዛቸው እየጠረጉ አብረዋት ሳቁ። ስማቸውን፣ ያንን ዕድሜ ልክ የለፉበትን ስም፣ ለእኔ ብለው ጭቃ ውስጥ ጣሉት። ሱቁ ውስጥ በሳቸው ማፈሬ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሁሉንም ተናገርኩ፤ አለቃዬን፣ አላውቃቸውም ማለቴን፣ ባትሪውን ሳይቀር። ባለቤቴ የእርጥቡን ሸራ አንድ ጫፍ አስያዘችኝ። ሌላውን ጫፍ የያዙት ጋሼ ናቸው።

«የተወለወለ ጫማ በሸራው ስር ታይቶኝ ነበር» አሉ እያጠፉ። «የአንተም ጫማ አንድ እርምጃ ሲሸሽ አይቻለሁ። አለቃህ መሆናቸው ገባኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ጫፉን ወጥር፤ ውሃ ያቁራል» አሉኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ወፍራሙን ምሰሶ ልንገዛ ተመለስን። ሰልፉም ያው፣ ሻጯም ያችው። ምሰሶው መተላለፊያው መሃል ቆመ፤ ሸራው ታሰረ፤ ጋሼ ከስሩ ገቡ፤ ካልሲያቸው ታየ። ይህን ካልሲ ምን ያህል እንደምወደው እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። ከስር ግን ትእዛዝ አልመጣም። እየጠበቁ ነው።

ሻጯ እጇን አጣምራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ዛሬስ አብራችሁ ናችሁ?» አለች፤ ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ።

ምሰሶውን በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«አዎ» አልኳት። «እኔ ነፋሱ ነኝ።»