ለእንግዳ የታጠበ ጎመን

እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ምግብ ማዘጋጀት እንዳትሉኝ። መጀመሪያ መደበቅ ነው። የተሰነጠቀው ሳህን፣ እግሩ የተሰበረው ወንበር፣ ሲስል የሚያድረው አጎት፣ ሁሉም ጓዳ ይገባል። የተረፈው ይታጠባል። እንግዳው ታዲያ የሚያየው ቤታችንን ሳይሆን ቤታችን እንዲሆንልን የምንመኘውን ነው። እሱም አውቆ ዝም ይላል፤ የራሱን አጎት ጓዳ ቆልፎበት ነዋ የመጣው።

ሠላሳ አንድ ዓመት በሰው አገር ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ አቧራ ስውጥ ኖሬ ስመለስ ይህን ልማድ እንደተውኩት ያገኘሁት መሰለኝ። ተሳሳትኩ፤ አሁን ካሜራ ተጨምሮበታል።

የምኖረው ከላንቻ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ሲፈርስ የመጡ ናቸው። ከእነሱ አንዷ ዘይነባ ናት፤ ከቤቷ ጀርባ ሃያ ዓመት ጎመንና ቆስጣ ስታበቅል ኖራ፣ ተነሺ ስትባል ቁም ሳጥኗን ትታ አፈሯን በጆንያ ጭና የመጣች የወሎ ሴት። ያንን አፈር ከሕንጻችን ጀርባ፣ ሦስት መኪና በምታቆም መሬት ላይ ደለደለችው። ሦስት መኪና እንደምታቆም የለካሁት እኔ አይደለሁም። የነዋሪዎች ኮሚቴያችን ሰብሳቢ ነው።

ሰብሳቢው መኪና አለው። ስለዚህ ቦታው ንጣፍ ያስፈልገዋል ብሎ ወሰነ። ብዙ ከተለመነ በኋላ አንድ ቀዳዳ ተወ፤ የከተማ ግብርና ባለሙያዎች መጥተው አይተው ለአርአያነት ከመረጡት ጓሮው ይቆያል፣ ካልመረጡት ይነጠፋል። ዘይነባ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

እዚህ ላይ ጋሽ ግርማ ይገባል። ጋሽ ግርማ ጡረተኛ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሮ አሁን ልጁ ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ የማጉያ መስተዋት ስለላከለት የዓለምን ምስጢር የሚገልጥ ይመስለዋል። የሚስቱን የዓይን ሽፋሽፍት አንስቶ የጫካ ፎቶ ነው ብሎ አሳይቶኛል። ይህ ሰው አንድ ጠዋት ከዘይነባ ጎመን ላይ የምስር ፍሬ የምታክል፣ ቀይ ጀርባዋ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ጥንዚዛ አገኘ። የዘይነባ ጓሮ ያለ መድኃኒት የኖረው በእሷና በዘመዶቿ ነው። ከቅጠል ጀርባ ተከማችቶ የጎመኑን ውሃ የሚመጠውን፣ ክሽክሽ የምንለውን ከሰሊጥ ያነሰ ተባይ ለቅመው ይበሉታል።

ጋሽ ግርማ ግን ስትበላ አላነሳትም። ስትሮጥ ፎቶው ስለሚደበዝዝበት በእርጎ ኩባያ ከድኖ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጣት። ብርድ ሲያደነዝዛት አውጥቶ በታጠበ ቅጠል ላይ ጎለታት፤ በመርፌ ውሃ አንጠባጠበና ጤዛ አለው። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥንዚዛዋ የት እንዳለች አታውቅም። ፎቶው ሜክሲኮ አደባባይ ማተሚያ ቤት ሄዶ የበር ቁመት አክሎ ታተመና ደረጃው ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ «የጓሯችን ዘበኛ» ይላል። አንድም ክሽክሽ የለበትም። ዘበኛው የሚጠብቀው ከማን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ዘበኛ ከሌባ ጋር ፎቶ አይነሳም ብሎ መለሰልኝ። ሕዝቡም አጨበጨበለት። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ያምር ነበር፤ ሥራ ፈትቶ ያማረ ባለሥልጣን እንደሚያምረው።

ባለሙያዎቹ ሐሙስ ይመጣሉ ተባለ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሕንጻው ሴቶች ባልዲና ጨርቅ ይዘው ጓሮ ወረዱ። ጎመኑን ቅጠል በቅጠል እየገለበጡ፣ ሕፃን እንደሚያጥቡ በሳሙና አጠቡት። ክሽክሹ በሙሉ በቦይ ሄደ። በረንዳዬ ላይ ቆሜ፣ ምግቡን ከወሰዳችሁበት በላተኛው ይሄዳል አልኳቸው። ዘይነባ ቀና አለች።

«እትዬ፣ እርስዎ የኖሩበት አገር እንግዳ የሚቀበሉት ከነቅማላቸው ነው?»

ባልዲው ሁሉ ሳቀ። ሌላዋ ደግሞ «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ስትል ሰማኋት። ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ሐሙስ ጠዋት ዘይነባ ቤት ወንፊት ልዋስ ስገባ መታጠቢያ ቤቷ ገርበብ ብሎ ነበር። ከባልዲው ጀርባ ሻሽ በግማሽ የሸፈነው፣ ጎመን የተተከለበት ማሰሮ አየሁ። ቢታጠብ ቢታጠብ አልጠራ ያለው፣ ክሽክሹ የወረሰው ነው። እንዳላየሁ ወጣሁ።

በአራት ሰዓት ሁለት ባለሙያዎች መጡ። አለቃዋ ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ናት። ፎቶውን አየችው፣ ጓሮ ገብታ ተንበረከከች፣ አንድ ቅጠል ገለበጠች፣ ሌላ ገለበጠች። ጎመኑ እንደ ሙሽራ ያበራል። በላዩ የሚንቀሳቀስ ነፍስ የለም።

«ጥንዚዛዎቹስ?» አለች።

ጋሽ ግርማ ሮጦ ሄዶ፣ ከፎቶው በኋላ ጥንዚዛዋን መልሶ ፍሪጅ የከተተባትን የእርጎ ኩባያ አመጣ። ሲከፈት ጥንዚዛዋ በጀርባዋ ተንጋላለች።

«ማለቴ... ትንሽ ብርድ መትቷት ነው» አለ።

ልጅቷ መዝገቧን ከደነች። ሰብሳቢው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መሬቱን በእርምጃ ይለካ ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት።

እኔስ? እኔ ማሰሮው የት እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ማንበብ ካስለመደኝ ነገር አንዱ፣ ትክክል ሆኖ ዝም የማለትን ጣዕም ነው። እትዬ ነግረውን ነበር እስኪሉኝ ስጠብቅ፣ ሰብሳቢው አራተኛው እርምጃ ላይ ደረሰ።

ዘይነባ ድንገት ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ማሰሮውን ከነሻሹ ታቅፋለች፤ ፊቷ የተያዘ ሌባ ፊት ነው።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለች። «ይሄ የታመመው ነው። ላሳይሽ አፍሬ ነው ወላሂ።»

ልጅቷ ሻሹን ገለጠች። ቅጠሉ ጀርባ በክሽክሽ አመድ መስሏል፤ በመካከሉ ቀያዮቹ ጥንዚዛዎች ይግጣሉ፣ ከእነሱም ጋር እሾሃም ጥቋቁር አስቀያሚ ትሎች። ልጆቻቸው ናቸው አለችን፤ ከእናቶቻቸው ይበልጥ የሚበሉት እነዚህ ናቸው፤ ፎቶ ላይ ስለማያምሩ ግን ሰው አያውቃቸውም፣ ተባይ መስለውት ይጨፈልቃቸዋል።

«እናቴ፣ እኔ የመጣሁት ይሄን ለማየት ነው።»

መዝገቡ ተከፈተ፤ ጓሮው ተመዘገበ። ሰብሳቢው እግሩን አምስተኛው እርምጃ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ድሮም ይህን ብዬ ነበር አለ። ጋሽ ግርማ ማጉያውን ቆንጥጦ ወደ ማሰሮው ጎንበስ ሲል ዘይነባ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ቆይ እስቲ ጋሼ፣ ልጥረገው» አለች። እርጥቡ ጨርቅ ለካ ከእጇ አልወጣም።

ይኸኔ ግን ዝም አላልኩም። ሄጄ ጨርቁን ከእጇ ቀማኋት። እስካሁን አልመለስኩላትም፤ እኔ ቤት ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው ሲሉኝ መጽሐፎቼን እወለውልበታለሁ።