የ«እግረ መንገድዎን» ምእመን

ወገኖቼ፣ «እግረ መንገድዎን» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ በስደት አገር፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ የተበተኑ የአበሻ ጉባኤዎችን በአሮጌ ቫን እየዞርኩ የማገለግል ፓስተር ነኝ። ለእንዲህ ያለው ምእመን ግን ፓስተር ማለት ቫን ያለው ሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት አስፐን ሂል ሰፈር የሚኖሩት፣ በጠና የታመሙት እማማ ዘነበች ደውለው «ልጄ፣ ቶሎ መጥተህ ጸልይልኝ» አሉኝ። መንገድ እንደጀመርኩ ወንድም ታምራት ከአናንዴል ኮል አደረገኝ። «ፓስተር፣ እግረ መንገድዎን ብቅ ይበሉ፤ አስቸኳይ የጸሎት ርዕስ አለኝ!»

ብደርስ ደጃፉ ላይ ሶፋ ተገትሯል። «የጸሎት ርዕሴ ይኼ ነው፤ ዊተን ሰፈር የሚኖረው ወንድሜ ጋ ይድረስልኝ» አለኝ እየሳቀ። እምቢ ብል «ፓስተሩ ፍቅር የለውም» ሊባል ነው። ኤሌቬተር በሌለው የወንድሙ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አብሬው ተሸከምኩ። ቁጣ ኃጢአት ነው የምትሉኝ፣ ሶፋ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ?

እማማ ዘነበች ቤት ስደርስ አርፈው ነበር።

ለቅሶው ላይ ታምራት ከጎኔ ተቀመጠ። «እስከ መጨረሻው ‹ፓስተሩ መጣ?› ሲሉ ነበር አሉ። ምነው ፓስተር፣ እንዲህ ይዘገያል?» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ስንወጣ፣ እግረ መንገድዎን፣ የቀሩትን የሶፋ ትራሶች ያደርሱልኛል?» አለኝ።