ችግረኛ ያልሆነው ሰፈር የሕፃናት ማቆያ

የሕፃናት ማቆያ አቋቋሚ ኮሚቴ አሥራ አንደኛ ስብሰባ፣ ማክሰኞ

ቦታ፦ ለማቆያው የተሰጠው ክፍል (ሌላ አዳራሽ ስላጣን)

የተገኙ፦ ሰብሳቢው፣ ጡረተኛው መምህር፣ የጤና ባለሙያዋ፣ የእናቶች ተወካይ የሆነችው የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሁለት ዓመት ልጇ ጋር፣ እና እኔ ጸሐፊዋ

ያልተገኘ፦ የወጣቶች ተወካይ (ስልክ አያነሳም)

ከስድስት አባላት አምስቱ በመገኘታቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ለሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ተጀመረ። የተቀመጥነው ለልጆቹ በተላኩት ወንበሮች ላይ ስለሆነ፣ ይህን የምጽፈው ጉልበቴ አገጬን እየነካ መሆኑ ይታወቅልኝ።

አጀንዳ 1፦ የድጋፍ ቅጹን ስለመሙላት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ቅጹ ነገ ጠዋት ከገባ መንግሥት ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ሞግዚቶችና የልጆች ምሳ ይመድባል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰፈሩ ችግረኛ ነው?» የሚል ነው። መምህሩ ሽንጣቸውን ገትረው፣ «አርባ ዓመት ያስተማርኩበትን ሰፈር በገዛ ፊርማዬ አላዋርድም!» አሉ። የጤና ባለሙያዋ «ጋሼ፣ ውሃ ከጠፋ እኮ ሳምንቱ ነው» ብትል፣ ይህ ሰፈሩን ቆጣቢ እንጂ ችግረኛ አያሰኘውም ሲሉ መለሱ።

ተወካይዋ ፋብሪካው ልጅ ይዛ እንዳትገባ እንደከለከላት፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ካልገባች እንደምትባረር ገልጻ፣ «እባካችሁ አዎ በሉና ገላግሉኝ፤ እኔን ችግረኛ መባል አያሳፍረኝም» አለች። ሰብሳቢው ስሜቷን እንደሚጋሩ ገልጸው ወደ አጀንዳው እንድትመለስ አሳሰቡ።

ከረጅም ውይይት በኋላ «ችግረኛ አይደለም፤ ለጊዜው ጎደል ብሎበታል» ተብሎ እንዲሞላ በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ተወሰነ። ሦስተኛዋ ደጋፊ እኔ ነኝ፤ ወገቤን ስላመመኝ ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ነው። አፍሬያለሁ።

አጀንዳ 2፦ ማቆያውን ስለመክፈት

ማቆያው ሰኞ እንዲከፈት በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ተጨበጨበ። ተወካይዋ «እስከ ሰኞስ?» ስትል ያነሳችው ጥያቄ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ አልተመዘገበም። ሕፃኑ የኮሚቴውን ማኅተም ሲልስ ተገኝቶ ተቀማ፤ አለቀሰ፤ ተመለሰለት።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

የጤና ባለሙያዋ የቅጹን ጀርባ አንብባ፣ ችግረኛ ላልሆነ ሰፈር ድጋፍ እንደማይሰጥ አሳወቀች። ሁላችንም ክው አልን። መምህሩ የጻፉትን እንደማይሰርዙ በመግለጻቸው የአጀንዳ 2 ውሳኔ ተሽሮ ጉዳዩ እንዲጠና ተወሰነ።

ተወካይዋ ጥናቱ የት እንደሚካሄድ ጠየቀች። ሰብሳቢው «እዚሁ ቁጭ ብለን እናየዋለን» አሉ። «ቁጭ የምትሉ ከሆነማ ጥሩ ነው» ብላ ልጇን መምህሩ ጭን ላይ አስቀመጠች፣ ጡጦውን ለሰብሳቢው አስያዘች፣ ወደ ፋብሪካዋ ሮጠች። በር ላይ ይጠብቁ የነበሩ አራት እናቶችም ልጆቻቸውን አስገብተው ተከተሏት።

ስለሆነም ስብሰባው ሳይዘጋ ቀጠለ። ከሰዓት በኋላ የተባለው በልጆቹ ለቅሶ ምክንያት አልተሰማም።

እናቶቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመለሱ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ሽረቱም ጭምር፣ ተሽሮ ቅጹ ላይ «ሰፈሩ እጅግ እጅግ ችግረኛ ነው» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ሞግዚቶቹ እስኪመጡም ኮሚቴው በየቀኑ እንዲሰበሰብ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። ስብሰባው አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ተዘጋ።

ሁለተኛው «እጅግ» የተጨመረው በመምህሩ ጥያቄ ነው።