አብሮት የተወለደው

[የሆስፒታል መዝገብ ክፍል። ግድግዳው በሙሉ ፋይል ነው። አንድ ጠረጴዛ ከበው ሁለት ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው ለበሽታ መለያ ቁጥር ሲሰጥ የኖረ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው፤ ባልደረቦቹ «ኮምፒውተሩ» ይሉታል። ሌላው ከካርድ መስኮት ገና የተዛወረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ «ቀስ በቀስ» ይሉታል።]

ኮምፒውተሩ፦ ስንቴ ልንገርህ? «አብሮት የተወለደ» ማለት መንታ ማለት አይደለም!

ቀስ በቀስ፦ ታዲያ አብሮት ማን ተወለደ?

ኮምፒውተሩ፦ ማንም! አብሮት የተወለደው ችግሩ ነው።

ቀስ በቀስ፦ ችግርማ ከሁላችንም ጋር ነው የተወለደው። የእኔን ማን ጻፈልኝ?

ኮምፒውተሩ፦ [ፋይሉን በጣቱ እየመታ] አንብብ እንጂ! «አብሮት የተወለደ የአጥንት እድገት ችግር።» የክንዱና የእግሩ አጥንቶች ገና ከማህፀን ጀምሮ እንደሌላው ልጅ አልረዘሙም ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በኪው ፊደል ይጀምራል። ከዛፍ ወድቆ ቢሰበር ኖሮ ኤስ ነበር።

ቀስ በቀስ፦ ይዞት ከመጣ ኪው፣ እዚህ ካገኘው ኤስ።

ኮምፒውተሩ፦ ጎሽ! ገባህ።

ቀስ በቀስ፦ አንተስ ይሄን ሁሉ እውቀት ይዘኸው ነው የመጣህ ወይስ እዚህ ነው ያገኘኸው?

ኮምፒውተሩ፦ [ደረቱን ነፋ አድርጎ] እኔማ ኪው ነኝ።

ቀስ በቀስ፦ [ሁለት የራጅ ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳ] እሺ፣ ኪው። የዚህ ልጅ የጎበጠ እግሩ የትኛው ነው?

ኮምፒውተሩ፦ ግራው። ከሰዓት በኋላ ቀዶ ጥገና የሚደረግለት እሱ ነው። ሐኪሞቹ ፋይሉን እየጠበቁ ነው፣ ቶሎ በል።

ቀስ በቀስ፦ በዚህኛው ፎቶ ግራው ነው። በዚህኛው ግን ቀኙ ነው።

ኮምፒውተሩ፦ ገልብጠህ ይዘኸው ነዋ!

ቀስ በቀስ፦ [ፎቶውን ያዞረዋል] አሁን ደግሞ ፊደሏም ተገለበጠች።

ኮምፒውተሩ፦ የምን ፊደል?

ቀስ በቀስ፦ ራጅ ክፍሎች ግራና ቀኝ እንዲለይ ጥግ ላይ የሚያደርጓት ፊደል። እሷ እንድትነበብ ካቀናሁት የጎበጠው ቀኙ ነው።

ኮምፒውተሩ፦ በቃ፣ ራጅ ክፍል ተሳስተዋል።

ቀስ በቀስ፦ ቁመቱስ? በፊት ከተለካው በሁለት ጣት አጥሯል። ልጅ ወደ ታች ያድጋል እንዴ?

ኮምፒውተሩ፦ መጀመሪያ ጫማውን አድርጎ ተለክቶ፣ ኋላ አውልቆት ይሆናል።

ቀስ በቀስ፦ ደሙስ? እዚህ ኦ ይላል፣ እዚህ ኤ ይላል። ደሙንም አወለቀው?

ኮምፒውተሩ፦ [ጉሮሮውን እየጠረገ] ላቦራቶሪዎችን... ያው ታውቃቸው የለ።

ቀስ በቀስ፦ ራጅ ተሳሳተ፣ ላቦራቶሪ ተሳሳተ፣ መለኪያው ተሳሳተ። እኔና አንተ ብቻ ነን በዚህ ግቢ የተረፍነው።

ኮምፒውተሩ፦ አንተን እንኳ ተወው። ስማ፣ ይሄ ልጅ ሁለት ፋይል ነበረው። የአባት ስም አንድ፣ የልደት ቀን አንድ፣ በሽታው አንድ። የልጁ ስም ብቻ በአንዲት ፊደል ይለያያል። መስኮት ላይ የተቀመጠ እንቅልፋም ስቶ ጽፎት ነው። እኔ አንድ አደረግኳቸው። አለቃችን እንኳ «እጅህ ይባረክ» ብሎኛል።

ቀስ በቀስ፦ መስኮት ላይ የነበርኩት እኮ እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሩ፦ አንተን ማለቴ አይደለም።

ቀስ በቀስ፦ እኔው ነኝ። እንቅልፍም ነበረብኝ። ግን ያየሁት ሁለት ልጅ ነው።

ኮምፒውተሩ፦ እንቅልፍ የተጫነው ሰው አንዱን ሁለት አድርጎ ያያል!

[በሩ ይንኳኳል። አንዲት እናት ሁለት ወንዶች ልጆች በግራና በቀኝ ይዛ ትገባለች። የሦስቱም ክንድና እግር አጠር ያለ ነው።]

እናት፦ እንደምን አደራችሁ። መስኮት ላይ ስጠይቅ «አንደኛው ልጅሽ የለም» አሉኝ። ይኸው፣ አለ።

ኮምፒውተሩ፦ [ቀስ ብሎ እየተነሳ] የ... የትኛው ነው የሌለው?

እናት፦ ይሄኛው። የሌለው ቁርሱን ጥርግ አድርጎ በልቷል፤ ያለው ለቀዶ ጥገናው ብሎ ጾሙን ነው።

ኮምፒውተሩ፦ መንታ ናቸው?

እናት፦ እንዴታ! እኔ ዘጠኝ ወር ተሸክሜ ሁለት አድርጌ የወለድኳቸውን ማን ነው አንድ ያደረጋቸው?

ቀስ በቀስ፦ [ጣሪያውን እያየ] ኮምፒውተሩ ነው።

እናት፦ ምን ያድርግ፣ እሱ ዕቃ ነው! የሚቆጣጠረው ሰው መኖር ነበረበት እንጂ።

ኮምፒውተሩ፦ [ላቡን እየጠረገ] እውነትዎን ነው፣ እህቴ። [ስልኩን አንስቶ] ሃሎ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል? ለከሰዓቱ ልጅ ኮምፒውተር ላይ የምታዩትን እግርም ሆነ ደም እንዳታምኑ! ... ሁለት ልጅ ስለሆነ ነዋ! ... አይ፣ አሁን አይደለም ሁለት የሆነው፣ ድሮም ሁለት ነበር! ... እኔ ነኝ ያደባለቅኩት። አዎ፣ እኔ። ለይቼ እስክልክ ጠብቁኝ። [ስልኩን ያስቀምጣል] እህቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮምፒውተሩ የሚሉት እኔን ነው።

እናት፦ [አየት አድርጋው፣ ሳቋን አፍና] እኔ ደግሞ ዕቃ አልኩዎት። ይቅር ለእግዜር እንባባል። እኔ በልጅነቴ የሚያክመኝ ቀርቶ ችግሬን የሚጽፍልኝ እንኳ አልነበረም። የእነሱን አደራ፣ በትክክል ይጻፉልኝ።

ኮምፒውተሩ፦ [ድምፁ ለስልሶ] እጽፋለሁ፣ እህቴ።

እናት፦ የሚታከመው የትኛው እንደሆነ ልንገርዎት?

ኮምፒውተሩ፦ የለም የለም፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ። እኔ እግራቸውን አይቼ እለያቸዋለሁ። [አንደኛው ልጅ ፊት ይንበረከካል] የኔ ጎበዝ፣ እስቲ ቀጥ በል። አሃ! ይኸው፣ የጎበጠችው እዚህ ጋ ናት። ቀስ በቀስ፣ ጻፍ! ቀኝ እግር!

ልጁ፦ ጋሼ፣ ቀኝ የሆነው በእርስዎ በኩል ነው። በእኔ በኩል ግራ ነው።

[እናትየው አፏን በእጇ ትሸፍናለች።]

ቀስ በቀስ፦ [ብዕሩ አየር ላይ ቀርቶ] የቱን ልጻፍ?

ኮምፒውተሩ፦ [እንደተንበረከከ] ልጁ የሚልህን።